የጥሩወርቅ ዘጠኝ ጣቶች

ጥሩወርቅ መሞቷን ከሰው አፍ አልሰማሁም። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ስልኬን ስነካካ፣ የከተማችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጥቁር ጥብጣብ የተደረገበት ፎቶዋ ተለጥፎ አየሁ። ለሕክምና ጎንደር ከሄደች ሰንብታ ነበር፤ ኩላሊቷን ነው ያመማት። ትመለሳለች ብዬ ነበር። ማስታወቂያውን ያወጣው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ሐዘኑም፣ የቀብሩ ቀንም፣ ቦታውም፣ ማኅተሙም ከፎቶው ጋር አብሮ ተቀርጾ አንድ ሥዕል ሆኗል። ዓይኑ የማያይ፣ ስልኩ የሚያነብለት ሰው ያን ነገር ቢነካው "ምስል" የምትል አንዲት ቃል ሰምቶ ያልፋል።

አለቀስኩ። ወዲያው ደግሞ ንዴት ያዘኝ፤ እኔ እንዲሁ ነኝ፣ ሁለቱ ተከታትለው ነው የሚመጡብኝ። "እናንተ የማታፍሩ! የሷን ሞት እንኳ? የሷን!" ብዬ ባዶ ሱቅ ውስጥ ጮህኩ። አብርሃ ጅራ ከተማ አንድ ዓይነ ስውር መምህር አለ፤ እንደ እናቱ የሚያያት ሰው ነው። እሱ ቀብሯ መቼ እንደሆነ ከዚያ ሥዕል ላይ ሊያውቅ አይችልም። ይህ ለምን እንዲያ እንዳንገበገበኝ እንድትረዱልኝ ሴትዮዋን ላስተዋውቃችሁ።

እኔ ገንዳ ውኃ ከተማ፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ የጽሕፈት ሱቅ አለኝ። ሙሉ ይሉኛል። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ በኢንተርኔት የሚሞላ ነገር ላለበት ሰው እሞላለታለሁ። ጥሩወርቅ ጠበቃ ነበረች፤ ከሱቄ ጎን ያለችውን ክፍል ተከራይታ ነው የተዋወቅነው። ዓይኗ በልጅነቷ በበሽታ ጠፍቷል። ኮኪት ተወልዳ፣ ጎንደር ሕግ ተምራ፣ "ሙቀቱ ናፈቀኝ" ብላ የተመለሰች ሴት ናት። ሙቀቱ! እኛ ከማራገቢያ ሥር አንነሣም፣ እሷ ናፈቀኝ ትላለች።

ስትመጣ በጣቷ ቀለበት የበሬን ብረት ኳ ኳ ታደርግና "አለሽ ወይስ አኩርፈሻል?" ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ብዙ ጊዜ አኩርፌ ነው የምታገኘኝ። ከዚያ ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ ታስመጣና ስለ ሰው ሁሉ ወሬ ታወጣልኛለች። ሳቋ ፍርድ ቤቱ ግቢ ድረስ ይሰማ ነበር።

የምትለብሰው ቶብ ነው፣ ሱዳኖቹ ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠቀልሉትን። አዲስ ስትገዛ መጀመሪያ የምታመጣው ለእኔ ነው።

"ንገሪኝ" ትለኛለች።

"ውይ፣ ቆንጆ ነው!"

"ቆንጆነቱን ማን ጠየቀሽ? ቀለሙን በይኝ፣ ዳሩ ላይ ምን እንዳለ በይኝ። ያለውን ንገሪኝ እንጂ ቆንጆነቱን እኔ እፈርዳለሁ።"

"ቢጫ ነው።"

"ምን ዓይነት ቢጫ?"

"የበሰለ ማንጎ። ዳሩ ላይ ትንንሽ ነጭ አበባ አለው።"

"እህ፣ አሁን ገባኝ። ቆንጆ ነው!" ብላ ትስቃለች። ዓይኗ ሳይጠፋ በፊት ያየችውን ቀለም ሁሉ ታስታውሳለች።

አባቷ ከሳንጃ ወርደው፣ ጫካ መንጥረው ያቀኑት የሰሊጥ መሬት ኮኪት አለ። ከመንግሥት በውል የተያዘ ነው፤ እሳቸው ሲያርፉ ውሉ ወደ እሷ ዞረ። ትራክተር ተከራይታ ታሳርሳለች፣ አጨዳ ሲደርስ ራሷ ወርዳ ማሳው ላይ ትሰነብታለች። አንዴ አብሬያት ሄጃለሁ። ጫማዋን አውልቃ ድንበሩን ከዳር እስከ ዳር ስትዞረው አየሁ፤ አባቷ በልጅነቷ እጇን ይዘው አስጠንተዋታል። "እዚህ ጋ አባባ ትራክተሩ ተገልብጦባቸው ነበር፣ እዚህ ጋ ደግሞ ምሳችንን የምንበላበት ዛፍ" እያለች አንድ በአንድ ነገረችኝ። ከዚያ መሬት የበለጠ የምትወደው ነገር አልነበራትም።

ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል። ድሮ ሰው መስኮት ላይ ተሰልፎ ነበር የሚያሳድሰው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ከፈተና መስኮቱን ዘጋ። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ በኋላ ቃላቸውን ስላከበሩ ላከብራቸው ነው። ብቻ ግንቦት ሳያልቅ በድረ ገጹ ያላሳደሰ መሬቱ ለሌላ ይሰጣል የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ጥሩወርቅ እኔ ሱቅ ቁጭ ብላ ስልኳን ከፈተች። ስልኳ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነብላታል፤ በጣቷ እየዳሰሰች ትከተላለች። ድምፁ አማርኛ ትናንት የጀመረ ፈረንጅ ይመስላል፣ እሷ ግን ለምዳዋለች።

"ቁልፍ" አለ ስልኩ። "ቁልፍ። ሳጥን። ሳጥን። ቁልፍ።"

"የምን ሳጥን?" አለች ጥሩወርቅ። "ስም ነው የሚጻፍበት? የመሬቱ ስፋት ነው? ይሄ ሰውዬ ስም የሌለው ዕቃ ይደረድርልኛል እንዴ?"

እኔ እያየሁ ነገርኳት፣ እየነገርኳት ሞላች። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ የሚል መጣ። የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ፎቶዎች ይምረጡ ይላል። ይታያችሁ፣ ገንዳ ውኃ ላይ የትራፊክ መብራት! እኔ ዓይን እያለኝ የትኛው እንደሆነ ሦስቴ ተሳሳትኩ።

"በቃ ተይው፣ ስልክሽን ስጪኝ። በአንድ አፍታ ሞልቼ ልላክልሽ" አልኳት።

"አይሆንም።"

"ለምን? አታምኚኝም?"

"ሙሉዬ፣ አንቺንማ አምናለሁ። ግን የመሬቴን ውል፣ የሚስጥር ቁጥሬን፣ ሁሉን ለሰው እየሰጠሁ እስከ መቼ? እኔ ላይ ደግነት እየተሠራ ነው መኖር ያለብኝ?" አለችና ዘጠኝ ጣቷን ዘረጋች። አንዱን አውራ ጣት አጥፋ፣ ሌላውን ሁሉ ፊቴ ላይ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ዘጠኝ።"

አንዴ ጨብጣ እንደገና ዘረጋቻቸው። "ይሄስ?"

"እሱም ዘጠኝ። ምን ሆነሻል?"

"አገራችን የፈረመችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አለ። አንቀጽ ዘጠኝ፣ መንገዱም ሕንፃውም መረጃውም ኢንተርኔቱም ለሁሉም ክፍት ይሁን ይላል። ሁለተኛው ዘጠኝ ሕገ መንግሥታችን ላይ ነው። አገሪቱ ያጸደቀችው ስምምነት የአገሪቱ ሕግ ነው ይላል። ሁለቱን ዘጠኝ ስታጋጥሚያቸው ይሄ ድረ ገጽ ዕዳ አለበት ማለት ነው።"

በነጋታው ክስ መሠረተች። ውሌ ይታደስልኝ ብላ ብትከስ እኮ በገባኝ! ድረ ገጹ ይስተካከል ነው ያለችው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሲሰማ ደነገጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ተቀይማናለች ብሎ አሰበ። የእኛ አገር ሰው ሲቀየም ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላካል። ኃላፊውም ሁለት ሽማግሌ ይዞ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ መጣ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። አንዱ የአባቷ የእርሻ ጎረቤት አያ ፈንታ ናቸው። ሌላው ሐጂ ኢድሪስ፣ የጨርቅና የሰሊጥ ነጋዴ፣ ቆላው ላይ ሐጂ ያሉት ነገር አይፈርስም የሚባልላቸው።

"ልጄ" አሉ ሐጂ፣ ከተቀመጡ በኋላ። "አጥፍተናል ብለው ነው የመጡት። ይቅር በያቸው።"

"ሐጂ፣ እርስዎ ቤቴ ድረስ መጥተው እንዴት እምቢ ይባላል? ይቅር ብያለሁ። ከልቤ ነው" አለች። ኃላፊው እፎይ አለ። ጥሩወርቅ ወደ እሱ ዞር ብላ፣ "አሁን ድረ ገጹ ተከፈተልኝ?" አለችው።

ሰውየው ወደ ሐጂ ተመለከተ።

"ይቅርታዬ እንደማይከፍተው ያው አየን" አለች። "እኔ ማንንም አልተቀየምኩም። የጠየቅኩት ሌላ ነገር ነው።"

"ወይዘሮ ጥሩወርቅ" አለ ኃላፊው፣ "የእርስዎን ውል ሰኞ ጠዋት በወረቀት እናድስልዎታለን። ቤትዎ ድረስ አምጥተን። ለእርስዎ ስንል።"

እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። ተቀበይ ማለቴ ነው። ኮኪት ላይ ትራክተሮች ማረስ ጀምረዋል፣ ሰማዩ እየጠቆረ ነው፣ የግንቦት መጨረሻ እየተቃረበ ነው። እሷ የቀጠረችው ትራክተር የመሬቱ ውል በእጇ እስኪገባ ቆሞ ነው የሚጠብቃት። ጉሸማዬን ዋጥ አደረገችው።

"ለእኔ ስትሉ የምታድሱትን ነገ ለሌላ ሰው ስትሉ ትተዉታላችሁ" አለች። "አብርሃ ጅራ ያለው መምህርስ? በመውቂያ ማሽን እጁን ያጣው ሰውዬስ? የእነሱን ቤት ሽማግሌ የሚያንኳኳው መቼ ነው? ዕርቁን እቀበላለሁ። ግን ድረ ገጹን ማስተካከል፣ የምታወጡትንም ሰነድ ሁሉ በሚነበብ ጽሑፍ ማውጣት ግዴታችን ነው ብላችሁ ፈርሙ፤ ፍርድ ቤት ይመዝገብ። ቀን ይቆረጥለት። የእኔም መሬት እስከዚያ ለሌላ አይሰጥ፣ አይነጠቅ።"

"ግዴታ የምትለዋን ትብብር ብንላትስ?" አለ ኃላፊው።

"አንላትም።"

"በመልካም ፈቃድስ?"

"አንልም!"

አያ ፈንታ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ "ኧረ ልጄ፣ መሬቱ የአባትሽ ልፋት ነው። በአንዲት ቃል ልታጪው ነው?" አሏት። ይኼኔ ነው ድምፅዋ ትንሽ የተሰበረው። "አያ ፈንታ፣ አባባን ያውቋቸዋል" አለች። "መሬቱን በልመና አልያዙትም። እኔም ለምኜ ባድሰው ያፍሩብኛል።"

ሐጂ ኢድሪስ አንገታቸውን ወደ ጥሩወርቅ ሰገግ አድርገው፣ "እስቲ ይህን ነገር ለእኔ አስረጂኝ" አሉ። ጥሩወርቅ ዘጠኝ ጣቷን ዘረጋች። አንደኛውን ዘጠኝ፣ ሁለተኛውን ዘጠኝ። ሐጂ በጥሞና ሰሙ።

"መንግሥት ፈርሟል?"

"ፈርሟል።"

"በራሱ እጅ?"

"አጽድቆ በአዋጅ አውጥቷል፣ ሐጂ።"

ሐጂ ወደ ኃላፊው ዞሩ። "አንተ ልጅ፣ እኔ ለሱዳኑ ነጋዴ ፈርሜ፣ ሰሊጡን ሳልጭን ብቀር፣ ትብብር ነበር እኮ ልበለው? የፈረመ ሰው ግዴታ አለበት። በል ጻፍ። ኸላስ!" አሉ። ኸላስ ካሉ ነገር አለቀ ማለታቸው ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ዕርቅ ዋስ ይፈልጋል። ጥሩወርቅ ይህን ረስታ መሰላችሁ? "ዋስ ማን ነው?" አለች፣ ፊቷን ቀጥ ወደ ሐጂ አዙራ። ሽማግሌው ሳቁ። "ይቺ ልጅ እኔን ልታስር ነው ቤቷ ያስገባችኝ" አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ዋስ ሆኑ። የመጨረሻው ቀን ግንቦት ሠላሳ ተባለ፣ ሰኞም ፍርድ ቤቱ መዘገበው።

እንግዶቹን ሸኝተን ስንመለስ መንገድ ላይ ግን ጮህኩባት። "ደነዝ! እሺ ባይስተካከልስ? መሬቱ ቢሄድስ?" አልኳት።

"ፈርቻለሁ ሙሉዬ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም" አለችኝ። "ግን ዋሴን አታውቂያቸውም።"

እውነትም አላውቃቸውም ነበር። ሰኞ ጠዋት ሐጂ ኢድሪስ ከዘራቸውን ይዘው መሥሪያ ቤቱ ግቢ፣ ኒሟ ዛፍ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ድረ ገጹን የሚሠራው ይበልጣል የሚባል ከጎጃም የመጣ ባለሙያ ነው። ይበልጣል ሲገባ ሐጂ ዘጠኝ ጣታቸውን አነሡ። ለምሳ ሲወጣ አነሡ። ሲመለስ አነሡ። ማክሰኞም መጡ፣ ረቡዕም። ሰላምታቸው ያ ብቻ ሆነ። ከተማው ነገሩን ሰምቶ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ይበልጣልን ባዩት ቁጥር ዘጠኝ ጣት ያሳዩት ጀመር።

ምስኪኑ ልጅ እየሮጠ ሱቄ መጣ። "እትዬ ሙሉ፣ እባክሽ ሽማግሌውን አስነሽልኝ፣ ሥራ መሥራት አቃተኝ!"

"ሥራውን ከጨረስክላቸው ይነሣሉ" አልኩት።

ጥሩወርቅ ከጎረቤት ድምፁን ሰምታ መጣች። አጠገቡ ተቀምጣ ስልኳን ከፍታ እያንዳንዱን ነገር አሰማችው። እያንዳንዱ ሳጥን ስም ይኑረው፤ ስህተት ሲኖር የቱ ጋ እንደሆነ በቃል ይናገር፤ የኮምፒውተር ማውስ መያዝ የማይችል ሰው በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ ይጨርስ፤ ሰነዱ ፎቶ ሳይሆን ጽሑፍ ሆኖ ይውጣ፤ የትራፊክ መብራቱም ይቅር። ይበልጣል መጀመሪያ እያኮረፈ፣ በኋላ እየገረመው ጻፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን ይዞ እየመጣ ያስፈትሻት ጀመር። እኔ ከርከዴ አቀርባለሁ።

የግንቦት ሠላሳ ጠዋት መብራት የለም። ሱቄ ውስጥ ሐጂ፣ አያ ፈንታ፣ ኃላፊው፣ ይበልጣል፣ ከፍርድ ቤት የወጣው ሰው ሁሉ ተጠቅጥቋል። ጥሩወርቅ ማንጎ ቢጫ ቶቧን ለብሳ ስልኳን ከፈተች። ኔትዎርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። "የባለ ውሉ ሙሉ ስም" አለ ስልኩ። ሞላች። "የመሬቱ ስፋት በሄክታር።" ሞላች። "መሬቱ የሚገኝበት ቀበሌ።" አንዴ ቆመባትና ሁላችንም ወደ ስልኩ ጎንበስ አልን። ከዚያ የማረጋገጫ ቁጥሩ መጣ፤ ማንም ሳያይባት፣ ማንም ሳይነካላት አስገባችው።

"ውልዎ ታድሷል። እናመሰግናለን" አለ ያ ፈረንጅ የመሰለ ድምፅ።

እልልታዬን ለቀቅኩት። አያ ፈንታ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ሐጂ "ኸላስ" አሉ ቀስ ብለው። ያን ጊዜ እሷ ዘጠኝ ጣቷን ወደ ላይ ዘርግታ ስትስቅ ይበልጣል በስልኩ ፎቶ አነሣት። እንዴት እንደኮራሁባት! ሰውነቴን ነው የነዘረኝ፤ የኔ ጎረቤት፣ የኔ ጓደኛ ብዬ ላገኘሁት ሁሉ ስናገር ከረምኩ። በዚያው ሳምንት አብርሃ ጅራ ያለው መምህር የራሱን ጉዳይ ቤቱ ተቀምጦ ጨርሶ ደወለላት። እጁን ያጣው ሰውዬም በአንድ እጁ ጨረሰ። የእኔ ደንበኛ ግን ቀነሰ። "እንጀራዬን ዘጋሽው!" ስላት፣ "ነይ ኮኪት ሰሊጥ ትለቅሚያለሽ" ትለኛለች።

እንግዲህ ያ የግንቦት ሠላሳ ፎቶ ነው፣ ዛሬ ያው መሥሪያ ቤት ጥቁር ጥብጣብ አድርጎበት ያወጣው። ለማን ስልክ እንደምደውል አልጠፋኝም።

ሐጂ ኢድሪስ አሁን በጣም አርጅተዋል፤ ጉልበታቸው አይታዘዛቸውም። ሰምተው እያለቀሱ ነበር። ማስታወቂያው እንደማይነበብ ስነግራቸው ልቅሷቸውን አቆሙ።

"ዕርቁ ላይ ሰነዱ ጽሑፍ ይሁን ተብሎ የለም?"

"ተብሏል፣ ሐጂ። ግን እሷ እኮ ሞታለች።"

"እኔስ ሞቻለሁ? ዋሱ እኔ ነኝ" አሉ። "ባጃጅ ጥሪና ውሰጂኝ።"

ደግፌ ኒሟ ሥር አስቀመጥኳቸው። ይበልጣል በመስኮት አየን። ዛሬ እሱ ራሱ የክፍሉ ኃላፊ ነው። ሐጂ ዘጠኝ ጣታቸውን አነሡ። ይበልጣል ፊቱ ልውጥ አለ። ላፕቶፑን ይዞ እየሮጠ ወጣና አግዳሚው ላይ ከጎናችን ተቀመጠ።

"ሐዘኑ አደናግሮን ነው" አለ። "ልጆቹ ቸኩለው... ይቅርታ ሐጂ።"

"ይቅር ብያለሁ። ገጹን ክፈተው" አሉት።

ሐዘኑን፣ የቀብሩን ቀንና ቦታ በጽሑፍ አስገባ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። "ፎቶው ላይ ያለውንም በቃል መግለጽ አለብን። እትዬ ሙሉ፣ አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፍ።"

ፎቶዋን አየሁ። ከዚያ አንድ በአንድ ነገርኩት፣ ጻፈ፣ አወጣው። አብርሃ ጅራ ያለው መምህር እንደሚሰማው እንድንሰማው ብዬ ስልኬን ከፈትኩና ሐጂ ጆሮ አጠገብ አስጠጋሁት። ያ የምናውቀው ድምፅ አነበበ፦

"ምስል። ጠበቃ ጥሩወርቅ። የበሰለ ማንጎ የመሰለ ቢጫ ቶብ ለብሳለች፣ ዳሩ ላይ ትንንሽ ነጭ አበባ አለው። ዘጠኝ ጣቷን ወደ ላይ ዘርግታ ትስቃለች። ከኋላዋ ሰዎች ያጨበጭባሉ።"

"ቆንጆ ናት የሚለው የታለ?" አሉኝ ሐጂ፣ ዕንባቸውን እየጠረጉ።

"እሱን የሚሰማው ሰው ይፍረድ" አልኳቸው።